በአንጎል ዙሪያ ደም ለፈሰሰበት ሰው አስታማሚ የሚሆን ምክር



በክረምት ወራት ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ የፎገራን ሜዳ የተመለከተ ሰው፥ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ፥ ሩዙም በውኃ ውስጥ ቆሞ ሲለመልም ያያል። በዚያ ሜዳ ላይ ጐንበስ ብሎ ሩዝ ሲያርም የዋለ አንድ የ50 ዓመት ገበሬ አለ እንበል። ጧት በጤናው ከቤቱ የወጣው ይህ ሰው፥ ከቀትር በኋላ በድንገት ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ። ሕመሙ ቀስ በቀስ የጨመረ አልነበረም፤ እንደ መብረቅ በአንድ ጊዜ የወረደ ነበር። ወዲያው አስታወከው፤ ብርሃን ማየት አስጠላው፤ ጥቂት ሰዓት ቈይቶም ማጅራቱ አልታጠፍ አለ። በአጠገቡ የነበሩት ሰዎች «ፀሐይ መታው፤ ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው አጠጡት፤ ከዛፍ ጥላ ሥርም አስተኙት።

ይህን ለምሳሌ ያህል አቀረብነው እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ነገር በማናቸውም ቤት ሊደርስ ስለሚችል፥ በዛሬው ጽሑፋችን ሁለት ነገሮችን ለማስረዳት እንሞክራለን። አንደኛው፥ በድንገት የሚወርድ ብርቱ የራስ ምታት ምን ሊሆን እንደሚችል ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን፥ ከመጀመሪያው አደጋ የተረፈ በሽተኛ «ዳነ» ከተባለ በኋላ ለምን እንደገና እንደሚወድቅ፥ በዚህም ነገር የነርቮች ድርሻ ምን እንደ ሆነ ነው። ይህን ያላወቀ ቤተ ሰብ በሽተኛውን ከሆስፒታል የሚያወጣው፥ ብዙ ጊዜ አደጋው በሚቀርብበት ቀን ነውና።

ምች ያልሆነ የራስ ምታት

ፎገራ ወባ የሚገኝበት አገር ነው። ስለዚህ ራሱን ያመመውንና ያተኰሰውን ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ማለት ተለምዷል። ማጅራቱ የደረቀ እንደ ሆነም «ማጅራት ገትር ነው» ይባላል። በእርግጥም ማጅራት ገትር፥ ስሙ እንደሚያመለክተው፥ ማጅራትን ይገትራል። በአንጎል ዙሪያ የፈሰሰ ደምም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሁለቱም የሚያስቈጡት አንጎልንና ሕብለ ሠረሠርን የሚከድኑትን እነዚያኑ ሽፋኖች ነውና። ልዩነታቸው በአመጣጣቸው ነው። ማጅራት ገትር ትኩሳት አስከትሎ በሰዓታትና በቀናት እየባሰ ይሄዳል። የደሙ ሕመም ግን በሴኮንድ ወይም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከብርታቱ ጫፍ ይደርሳል። በሽተኛውም ብዙ ጊዜ «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ራስ ምታት አላየሁም» ይላል፤ አንዳንዱም በዚያው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሁለቱም በሽታዎች ፈጥኖ ሐኪም ቤት መድረስን የሚጠይቁ ስለ ሆኑ፥ ቤተ ሰብ ቆሞ ሊከራከርበት የሚገባ ጕዳይ አይደለም።

እንዲህ ላለው በሽተኛ አስፕሪን አይሰጡትም፤ አስፕሪን የደምን መርጋት ያዘገያልና። ዋግምት አያስይዙትም፤ አረቄም አያቀምሱትም። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚሄደው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ስለ ሆነች፥ ባሕር ዳር ከዚያ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተፈነዳው ሥር ዳግመኛ ሊፈስስ የሚችልበት ፍርሃት ከሌላው ቀን ሁሉ ስለሚበልጥ፥ ይህን መንገድ በዚያኑ ዕለት መጓዝ ይገባል።

በሆስፒታል አስቀድሞ የሚደረገው ምርመራ ሲቲ ስካን የሚባለው የራስ ፎቶግራፍ ነው። በእርሱ ካልታወቀ፥ ሐኪሙ ከወገብ በቀጭን መርፌ ፈሳሽ ቀድቶ ደም እንዳለበት ያያል። «ከወገብ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል» የሚለው ፍርሃት በብዙ ቤት አለ። ነገር ግን መርፌው የሚገባው ሕብለ ሠረሠር ከሚያልቅበት በታች ስለ ሆነ፥ ይህ ፍርሃት ምርመራውን ለመከልከል ምክንያት ሊሆን አይገባውም።

ደሙ ከወዴት ይመጣል?

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ልብ ከምትረጨው ደም 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን ደም የሚያደርሱለት በአንገት በኩል የሚወጡ 4 ደም ቅዳ ሥሮች ናቸው። እነርሱም ከአንጎል ሥር ሲደርሱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1664 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ቀለበት በሚገባ ስለ ገለጠው፥ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሥሮቹ ቅርንጫፍ በሚያወጡበት ቦታ፥ በአንዳንድ ሰው ላይ፥ የሥሩ ግድግዳ ይሳሳና እንደ ትንሽ ፍሬ ያብጣል። ሐኪሞች ይህን አኑሪዝም ይሉታል። ባለቤቱ ብዙ ዓመት ሳያውቀው ይኖራል። አንድ ቀን ሲፈነዳ ግን ደሙ አንጎልን በሸረሪት ድር አምሳል ከሚከድነው ስስ ሽፋን ሥር ይፈስሳል። ያለ ምትና ያለ መውደቅ ከሚደርሰው እንዲህ ያለ የደም መፍሰስ ከ100 ወደ 85 የሚሆነው ምክንያቱ ይኸው እብጠት ነው። የደም ግፊት፥ ትምባሆ ማጨስና መጠጥ ማብዛት ያባብሱታል፤ ከወንዶች ይልቅም ሴቶችን በብዛት ያጠቃል።

ከዳነ በኋላ የሚመጣው አደጋ

እንግዲህ ገበሬው በጊዜ ሆስፒታል ደረሰ እንበል። በ3ኛው ቀን ዐይኑን ገልጦ ሚስቱን በስሟ ጠራ። በ5ኛው ቀን ምግብ ጠየቀ። ዘመዶቹም ደስ አላቸው፤ በባሕር ዳር ለማደሪያና ለምግብ የሚከፍሉት ገንዘብ እያለቀ፥ በቤትም አረሙ ሩዙን እየዋጠው ስለ ሆነ፥ «ከእንግዲህ በቤቱ ያገግም» ብለው ይዘውት ሄዱ። በ7ኛው ቀን ግን ንግግሩ ተኰላተፈ፤ ቀኝ እጁም ዛለ፤ ወደ ማታ እንቅልፍ ይሁን ሰመመን ሳይለይ ዝም አለ። ቤተ ሰቡም አንዱ «መድኀኒቱ ጎዳው»፥ ሌላው «የሰው ዐይን አየው» ይል ጀመር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ደም በአንጎል ዙሪያ ከፈሰሰ በኋላ፥ በዚያ ደም ውስጥ የተዘፈቁት ደም ቅዳ ሥሮች ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ቀን ጀምረው ይጠብባሉ። መጥበቡ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ይበረታል፤ ከዚያም በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለቃል። በፎቶግራፍ ሲመረመር ከ100 በሽተኞች እስከ 70 በሚደርሱት ላይ መጥበቡ ይታያል፤ 30 ያህሉም በዚሁ ሰሞን አንጎላቸው ደም አጥቶ ይጎዳባቸዋል። በዚህ ጊዜ ከውጭ የሚታይ ቍስል የለም፤ አዲስ ደምም አልፈሰሰም። በሽተኛው የሚጎዳው በጥማት ነው። በራስ ቅሉ ውስጥ ደም ሞልቶ ሳለ አንጎሉ ደም ይጠማል።

የፎገራ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ርብ ሲሞላ ሜዳው በውኃ ይሸፈናል። ነገር ግን ጎርፉ ያመጣው ደለል ቦዩን ይደፍነዋል፤ ውኃው ካለፈ በኋላም ከቦዩ ጫፍ ያለው ማሳ ይደርቃል። ጎርፉና ድርቁ ከአንድ ወንዝ መጡ።

ነርቭ እንደ ውኃ አባት

አሁን ወደ ነርቮቹ ነገር እንመለስ። በአገራችን በባህላዊ መስኖ በሚጠቀመው ቦታ «የውኃ አባት» የሚባል ሰው ይመረጣል። ለማን ማሳ፥ በስንት ሰዓት፥ ምን ያህል ውኃ እንደሚለቀቅ የሚወስን እርሱ ነው። የአንጎል ደም ቅዳ ሥሮችም እንደዚሁ ናቸው። በግድግዳቸው ዙሪያ ቀለበት የሚመስል ጡንቻ አላቸው፤ ጡንቻው ሲኰማተር ሥሩ ይጠብባል፥ ሲላላ ይሰፋል። ለዚህ ጡንቻ ትእዛዝ ከሚያደርሱት አንዱ ክፍል ነርቮች ናቸው፤ እነርሱም ከሦስት ቦታ ይመጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ በአንገት ላይ ካለው የነርቭ ቋጠሮ ተነሥተው ሥሮቹን ተከትለው ወደ ላይ ይወጣሉ። እነዚህ ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ሲሆኑ፥ ሥራቸው ማጥበብ ነው። ኖርአድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር በጡንቻው ላይ ይረጫሉ። ሰው ሲደነግጥና ሲቈጣ ልቡ የሚመታው፥ ፊቱም የሚገረጣው በእነዚሁ ዓይነት ነርቮች ነው። ሁለተኛዎቹ ከአፍንጫ በስተኋላ ካለ ሌላ ቋጠሮ ይመጣሉ፤ ሥራቸውም ማስፋት ነው። ከሚልኩትም መልእክት አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል፥ ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነ ጋዝ ነው። ሦስተኛዎቹ የፊታችንን ስሜት የሚሸከመው ትራይጀሚናል የተባለው ነርቭ ቅርንጫፎች ናቸው። ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሱ እነዚህ ናቸው። ነገር ግን ሥሩ ከመጠን በላይ ሲጠብብ፥ ሲ.ጂ.አር.ፒ. የተባለውን ንጥረ ነገር ረጭተው መልሰው ያሰፉታል። ስለዚህ አንዱ ሲያጠብብ ሁለቱ ያሰፋሉ፤ በጤናማ ሰውም ይህ ሚዛን ተጠብቆ ይኖራል።

ደም በፈሰሰ ጊዜ ሚዛኑ ይሰበራል። ገና በመጀመሪያው ሰዓት ሰውነት በብርቱ ይደነግጥና የሲምፓቴቲክ ነርቮች ያለ ልክ ይነቃሉ፤ ኖርአድሬናሊኑ ከመብዛቱ የተነሣ ጤናማ የነበረ ልብ እንኳ የሚደክምበት ጊዜ አለ። ቀናት ሲያልፉ ደግሞ በአንጎል ዙሪያ የረጋው ደም መበስበስ ይጀምራል። ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ በውስጣቸው የነበረው ሄሞግሎቢን ይወጣና ናይትሪክ ኦክሳይዱን ከመንገድ ላይ ይውጠዋል። አስፋ የሚለው መልእክት ተላከ፤ ነገር ግን አልደረሰም። በዚህም ላይ ኢንዶተሊን የተባለው፥ ሥርን በኀይል የሚያጠብብ ንጥረ ነገር ይበዛል። የትራይጀሚናል ነርቮችም ሥሩን ለማስፋት ሲ.ጂ.አር.ፒ.ውን አብዝተው ሲረጩ ይሰነብቱና ጎተራቸው ይራቈታል። በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ላርስ ኤድቪንሰንና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ ይህን አስተውለዋል። ከራስ በሚመለሰው ደም ውስጥ ሲ.ጂ.አር.ፒ. በዝቶ፥ በዚህ በሽታ በሞቱት ሰዎች የአንጎል ሥሮች ላይ ግን አንሶ አገኙት።

አደጋው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ዘግይቶ የሚመጣበት ምክንያት እንግዲህ በዚህ ይታወቃል። ደሙ እስኪበሰብስና የሚያሰፉት ነርቮች እስኪደክሙ ድረስ ቀናት ያልፋሉ። ቤተ ሰብ «ዳነ» የሚለው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው።

ሐኪሞች ምን አገኙ?

የሥሮቹ መጥበብ በራጅ ፎቶግራፍ መጀመሪያ የተገለጠው በ1951 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኤከርና በሪመንሽናይደር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መድኀኒቶች ተሞክረዋል። ጎተራው የተራቈተ ከሆነ እንሙላው ብለው ሲ.ጂ.አር.ፒ.ን በደም ሥር የሰጡ ሐኪሞች ነበሩ። ነገር ግን በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው መድኀኒቱ የደም ግፊትን አወረደ እንጂ የበሽተኞቹን ዕድል አላሻሻለም። ኢንዶተሊንን የሚቃወም ክላዞሴንታን የተባለ መድኀኒትም ሥሮቹን ሲያሰፋ ታይቷል፤ ሆኖም በታላላቆቹ ሙከራዎች የበሽተኞቹ አዳዳን በዚያው ልክ አልተሻሻለም። ከዚህም የተነሣ የትልልቆቹ ሥሮች መጥበብ ብቻውን ነገሩን ሁሉ እንደማይገልጥ፥ በጥቃቅን ሥሮች የሚረጋ ደምና ሌላም ጕዳት አብሮ እንዳለ ሐኪሞች ተረድተዋል። በአንገት ያለውን የሲምፓቴቲክ ቋጠሮ በማደንዘዣ መርፌ ዝም የሚያሰኝ ሕክምናም በጥቂት በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጥቷል፤ ገና ግን የሁሉ ሕክምና አልሆነም።

እስከ ዛሬ ጸንቶ የቆመው ኒሞዲፒን የተባለው ኪኒን ነው። ካልሲየም ወደ ሕዋሳት እንዳይገባ በማገድ ይሠራል፤ 60 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን ይሰጣል። በእንግሊዝ አገር በ554 በሽተኞች ላይ ተሞክሮ በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት፥ መድኀኒቱን ካልወሰዱት ከ100ው 33ቱ አንጎላቸው ደም አጥቶ ሲጎዳ፥ ከወሰዱት ግን 22ቱ ብቻ ተጎድተዋል። የሚያስደንቀው፥ መድኀኒቱ የጠበበውን ሥር እምብዛም ሳያሰፋ የአንጎሉን ሕዋስ ከጕዳት መጠበቁ ነው። የ21ዱ ቀን ቍጥር ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ የአደጋው ወራት የሚያልፍበት ልክ ነው።

የፈነዳውን ሥር የሚዘጋው ሥራ ደግሞ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሥራ ነው። በአገራችን እነዚህን ሐኪሞች ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ የወጡት ሐኪሞች ዛሬ በክፍለ አገሩም ይገኛሉ። ሆኖም ይህ ልዩ ሥራ በጥቂት ቦታ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ሲልክ መንገዱ ሩቅ ነው ተብሎ ጊዜ ሊባክን አይገባም።

የአስታማሚው ሥራ

በሆስፒታሎቻችን ሌሊቱን በአልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚያድረው አስታማሚው ነው። ነርሷ ብዙ በሽተኞች አሏት፤ ሐኪሙም በቀን ጥቂት ጊዜ ያልፋል። የባሏን አነጋገር፥ የአባቱን አስተያየት ለይቶ የሚያውቅ ግን ከቤት የመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ከ4ኛው ቀን እስከ 14ኛው ቀን ድረስ አስታማሚው የሐኪሙ ዐይን መሆኑን ይወቅ።

አንደኛ፥ በየሰዓቱ ያነጋግሩት። ስሙን፥ ያለበትን ቦታ፥ የልጆቹን ስም ይጠይቁት። ሁለቱንም እጆቹን እንዲጨብጥ ያድርጉት፤ የአንዱ ኀይል ከትናንት የቀነሰ እንደ ሆነ ያስተውሉ። ፈገግ ሲል አፉ ወደ አንድ ወገን መጣመሙን ይመልከቱ። አዲስ ድንዛዜ፥ አዲስ መቀባጠር፥ ወይም «ዛሬስ እንቅልፍ አበዛ» የሚያሰኝ ነገር ከታየ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ነርሷን ይጥሩ። የጠበበው ሥር ፈጥኖ ከተደረሰበት ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ከዘገየ ግን የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም።

ሁለተኛ፥ ኪኒኑ ሰዓቱን እንዳያልፍ፥ በሌሊትም ቢሆን፥ ያሳስቡ። ሦስተኛ፥ በሽተኛው በሚገባ ሳይነቃ አጥሚትም ሆነ ውኃ በአፉ አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። ከነቃና ሐኪሙ ከፈቀደ ግን ውኃ አይጕደልበት፤ የደሙ መጠን ሲቀንስ የጠበበው ሥር ይብስበታልና። በዚህ ነገር አንዳንድ ጻድቃን በሽተኞች ጾሙን ላለመሻር ይቸገራሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን ከጾም ስለምታሳርፍ፥ የንስሐ አባቱ መጥቶ ይህን ቢነግረው ከመድኀኒቱ አንዱ ይሆንለታል። ጸበል የሚጠመቅ የሆነ እንደ ሆነም፥ ሐኪሙ ከአልጋ መነሣትን እስኪፈቅድ ይታገሥ፤ ኪኒኑንም አያቋርጥ።

አራተኛ፥ ጸጥታን ያስከብሩለት። ጠያቂ መብዛቱ የፍቅር ምልክት ነው፤ ነገር ግን 10 ሰው በአልጋው ዙሪያ ቆሞ ሲያለቅስ በሽተኛው ይደነግጣል። ድንጋጤውም ልቡን ያስመታል፥ ግፊቱንም ያወጣል። በተለይ የፈነዳው ሥር ገና ያልተዘጋለት በሽተኛ ከዚህ ሁሉ ይጠበቅ። ጠያቂው ከውጭ ሆኖ ይጸልይ፤ ለማደሪያውና ለመድኀኒቱም ገንዘብ ያዋጣ። ዕድሩና ማኅበሩ አረሙን ቢያርሙለት፥ «ሩዙ ጠፋ» ብሎ በ5ኛው ቀን ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው ባልኖረ ነበር።

በቤት ላላችሁት ሁሉ ደግሞ ምክራችን አጭር ነው። ዕድሜያችሁ ከ30 ዓመት ያለፈ እንደ ሆነ፥ ምንም ሳያማችሁ፥ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ የደም ግፊታችሁን ተለኩ። ግፊት ያለበት ሰው ኪኒኑን «ተሽሎኛል» ብሎ አያቋርጥ። ትምባሆ የሚያጨስ ይተው። ከአንድ ቤት ሁለት የቅርብ ዘመዶች በዚህ በሽታ የታመሙ እንደ ሆነ፥ የቀሩት ለሐኪም ይንገሩ።

ያ የፎገራ ገበሬ በ21ኛው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን «ምች ነው» ብሎ አለመዘግየት፥ በ5ኛው ቀን «ዳነ» ብሎ አለመቸኰል፥ በ7ኛው ሌሊትም ነቅቶ የሚጠብቅ አስታማሚ።

እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለአስታማሚዎችም ትዕግሥትን ይስጥልን።